የመጀመሪያውን የቆየ የስዊስ ክሮኖግራፍ ሰዓት እንዴት መርጦ መግዛት ይቻላል?

ሰዓት ከመቁጠሩ በተጨማሪ በቁልፍ እየተነሳና እየቆመ የአንድን ድርጊት ርዝመት የሚለካ የእጅ ሰዓት ክሮኖግራፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በስዊዘርላንድ የተሠሩትን፣ ያለ ባትሪ የሚሄዱትን ክሮኖግራፎች መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ፊታቸው ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ውስጣቸው ያለውን ማሽን ቢያጠና ይበጀዋል፤ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ኩባንያዎች ማሽኑን ራሳቸው ከመሥራት ይልቅ እንደ ቫልዡ፣ ቬኑስና ላንደሮን ካሉ አምራቾች ይገዙ ነበርና።

ስለዚህ በመጀመሪያ ማሽኑን ይምረጡ። ለጀማሪ የሚሻሉት ላንደሮን 48 እና ቫልዡ 7733 ናቸው፤ በብዛት ስለተመረቱ መለዋወጫቸው ከተበላሹ ሰዓቶች ይገኛል። ቫልዡ 72 እና ኦሜጋ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው የቀደሙት ስፒድማስተር ሰዓቶች ውስጥ ያለው ካሊበር (የማሽን ሞዴል) 321 ድንቅ ማሽኖች ቢሆኑም ዋጋቸው ለመማሪያ አይሆንም። የማሽኑ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከሚወዛወዘው መንኮራኩር ሥር ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ሻጩን የሰዓቱ ጀርባ ተከፍቶ የተነሳ ፎቶ ይጠይቁት፤ ሰበብ ካበዛ ይለፉት።

ሰዓቱ እጅዎ ሲገባ ሞልተው የላይኛውን ቁልፍ ይጫኑ። የመሀሉ ረጅም ቀስት ሳይዘል መነሳት፣ አንድ ዙር ሲጨርስም የደቂቃ ቆጣሪው (ፊቱ ላይ ካሉት ትናንሽ ክቦች አንዱ) አንድ መስመር መራመድ አለበት። ቆጣሪው እስኪሞላ ድረስ ይተዉት፤ ደካማ ማሽን እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚያ አቁመው ወደ ዜሮ ሲመልሱት ቀስቱ በትክክል 12 ላይ ማረፍ ይኖርበታል። በአብዛኞቹ ሰዓቶች የላይኛው ቁልፍ ያስነሳል፣ ያቆማልም፤ የታችኛው ይመልሳል። በላንደሮን 48 ግን የላይኛው የሚያስነሳ ብቻ ሲሆን፣ የታችኛው አንዴ ሲጫኑት ያቆማል፣ ሲደግሙት ይመልሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ደኅናውን ሰዓት ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል።

ቀጥሎ የሰዓቱን ፊት በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ። የፊደላቱ ጠርዝ ከደበዘዘ፣ መስመሮቹ ከቆጣሪዎቹ ክብ ጋር ካልገጠሙ ወይም የትናንሽ ቆጣሪዎቹ ቁጥሮች ከተቆረጡ፣ ፊቱ እንደገና የተቀባ መሆኑን ይጠርጥሩ። በእኔ ግምት ነጠብጣብ ያለበት ኦሪጅናል ፊት፣ ታድሶ ከሚያብረቀርቀው ይበልጣል። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው የቀፎው (የሰዓቱ የውጭ አካል) ማዕዘኖች ከተድበለበሉም ቀፎው በተደጋጋሚ ተሞርዷል ማለት ነው። ፊታቸው ላይ «ክሮኖግራፍ ስዊስ» ብቻ የተጻፈባቸው ባለ 18 ካራት የወርቅ ሰዓቶች ብዙዎችን ያታልላሉ፤ ወርቁ እውነተኛ ቢሆንም ቀፎው ብዙ ጊዜ ስስ ነው፣ በትልቅነቱ አይገምቱት።

እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ሰዓቶች ላይ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ቀለም ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ሊሆን ይችላል። ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ ስለሚጎዳ፣ ሰዓቱን ራስዎ ከፍተው ቀለሙን አይፋቁ።

በመጨረሻም ዋጋ ሲስማሙ የጥገናውን ወጪ አብረው ያስቡ። የደረቀ ዘይት ጥርሶቹን ስለሚበላ፣ ሰዓቱን በየቀኑ ከማሰርዎ በፊት ክሮኖግራፍ የሠራ ጠጋኝ ፈትቶ ያጽዳው፤ ከጥገና በኋላም ቢሆን ከውኃ ያርቁት።