ቃር እንቅልፍ ለነሳው ሰው፦ ከራት እስከ ንጋት እንዴት እንደሚታደር

እስቲ ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምራቃችሁን ዋጡ። ከፍ ብሎ ይመለሳል። ሰው ነቅቶ ሳለ በደቂቃ አንዴ ገደማ ይውጣል፤ ልብ አይለውም እንጂ። ቃር ላለበት ሰው ይህች እንቅስቃሴ ትልቅ ነገር ናት።

አሲድ ከጨጓራ ወደ ላይ ሲመለስ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የምግብ ቧንቧ ስንውጥ እየተጨማደደ አብዛኛውን ወደ ታች ይገፋዋል። ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ደግሞ የዋጥነው ምራቅ ኃይሉን ይሰብረዋል። ምራቅ ውስጥ አሲድ የሚያበርድ ባይካርቦኔት አለና።

እንቅልፍ ሲወስደን ምራቁ ይነጥፋል ማለት ይቻላል። የምንውጠውም በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ብዙውን ጊዜ ለአፍታ ስንባንን። ተጋድመናልና አሲዱ በራሱ ክብደት አይወርድም። የሌሊት ቃር ቶሎ የማይለቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ ዝግጅቱ ከመተኛታችን በፊት መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ራት። በራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ይኑር። ማታ 4 ሰዓት ተኩል የሚተኛ ሰው 1 ሰዓት ተኩል ላይ በልቶ ይጨርስ። ታክሲ ተሰልፎ ለሚያመሽ ሰው ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ካልሆነ ምሳውን ከበድ፣ ራቱን ቀለል ማድረግ ነው። መጠጥና ቅባት የበዛበት ምግብ ማታ ማታ ይቅርባችሁ። ቡናና በርበሬ ግን ሁሉንም እኩል አይነኩም፤ የሚያባብስባችሁን ራሳችሁ ለዩ።

ከራት በኋላ ስኳር የሌለው ማስቲካ ለግማሽ ሰዓት አኝኩ። ምራቅ ይጨምራል፣ ደጋግማችሁም ትውጣላችሁ። ሚንት አንዳንዱን ሰው ስለሚያባብስበት ሌላ ጣዕም ምረጡ።

ቀጥሎ አልጋው። እናቴ ለዓመታት ሦስት ትራስ ደራርባ ትተኛ ነበር። ጠዋት አንገቷን ይዛ ትነሳለች፣ ቃሩም አለ። ትራስ ሲደራረብ ወገብ ይታጠፋል፣ ሆድ ይጨመቃል፣ ጨጓራም ወደ ላይ ይገፋል። ከፍ ማለት ያለበት ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ ነው። በራስጌ በኩል ባሉት ሁለት የአልጋ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ እንጨት አስገባንላት። እንጨቱ እንዳይንሸራተት፣ አልጋውም እንዳይነቃነቅ በእጃችሁ ገፍታችሁ ፈትሹ። ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ብርድ ልብስ አጥፎ ከፍራሹ ሥር፣ ከወገብ ጀምሮ ወደ ራስጌ ቀስ እያለ ከፍ እንዲል አድርጎ ያንጥፍ።

ስትተኙ በግራ ጎናችሁ ሁኑ። ያኔ ጨጓራ ከምግብ ቧንቧው በታች ይውላል፤ በቀኝ ስትሆኑ ይገለበጣል። እንዳትዞሩ ከጀርባችሁ ትራስ አድርጉ።

ሌሊት እያቃጠላችሁ ከነቃችሁስ? ተጋድማችሁ አትታገሉ። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ። አንዲት ጉንጭ ውኃ ዋጡ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ እንደገና ዋጡ። በተከታታይ አትጎንጩ፤ ሁለተኛው መዋጥ የመጀመሪያው የጀመረውን ግፊት መንገድ ላይ ያቋርጠዋል። ማቃጠሉ ሲበርድ በግራ ጎን ተመለሱ።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት ኦሜፕራዞል የታዘዘላችሁ ከሆነ አወሳሰዱን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ብዙ ሰው ሊተኛ ሲል ይውጠዋል፤ በደንብ የሚሠራው ግን ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ሲወሰድ ነው።

ምግብ ጉሮሯችሁ ላይ ከተያዘ፣ መዋጥ ካሳመማችሁ ወይም ሳታስቡት ከከሳችሁ በትራስና በማስቲካ አትዘግዩ፤ ሐኪም ይያችሁ። ደም ካስመለሳችሁ፣ ሰገራችሁ ከጠቆረ፣ ወይም ደረታችሁን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ግን «ቃር ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።