የሰዓሊን ሕይወት ወደ ዳንስ ቴአትር ስታመጡ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ሰዓሊ ሲያልፍ ሸራው ይቀራል። ሸራው ፊት ለሰዓታት የቆመው፣ ያጎነበሰው፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሥራውን ያየው አካል ግን አብሮት ይሄዳል። ዳንስ ቴአትር ሊመልስልን የሚችለው ይህንን አካል ነው፤ ሌላ ጥበብ እንዲህ አድርጎ አይመልሰውም። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ይመስለኛል።

ከልደት እስከ ሞት መተረክ

ተወለደ፣ ተማረ፣ አፈቀረ፣ ታመመ፣ ሞተ። ይህ ቅደም ተከተል ለመጽሐፍ ይመቻል። ዳንስ ግን «ከሁለት ዓመት በኋላ» ማለት አይችልም፤ «ይህች ሴት የሚስቱ እህት ናት» ማለትም አይሆንለትም። አዘጋጁ ችግሩ ሲገባው ተራኪ ይጨምራል፣ ዓመቶቹን ግድግዳ ላይ ይጽፋል፤ ዳንሰኞቹም የትረካው ማጀቢያ ሆነው ያርፉታል።

ይልቅ አንድ ሁኔታ መርጣችሁ እሱን ቆፍሩ። ስፔናዊው ሰዓሊ ጎያ እ.ኤ.አ. በ1792 መጨረሻ የጀመረው ከባድ ሕመም ጆሮውን አደነቆረው። ከ1819 በኋላ ደግሞ ከማድሪድ ዳር ባለው ቤቱ ግድግዳዎች ላይ «ጥቁር ሥዕሎች» የሚባሉትን 14 ሥራዎች ሣለ። መስማት የተሳነው ሽማግሌ፣ ቤት፣ ግድግዳ። ሙዚቃው በድንገት ተቋርጦ ዳንሰኞቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲቀጥሉ ተመልካቹ ያለ አንድ ቃል ይረዳል። ለአንድ ምሽት ይህ ይበቃል።

ታዋቂውን ሥዕል በሰው መቅዳት

ዳንሰኞቹ ይሰባሰባሉ፣ ቀጥ ይላሉ፣ የታወቀው ሥዕል መድረክ ላይ ይታያል። ተመልካቹ «አወቅኩት!» ብሎ ይደሰታል፤ ደስታው ከጥቂት ሴኮንድ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀጣዩ ሥዕል የቱ እንደሆነ መገመት ይጀምራል፣ ዳንሱን የሚያየው የለም።

ከሥዕሉ የሚወሰደው አሠራሩ ነው። ጣሊያናዊው ሰዓሊ ካራቫጆ ብርሃኑን ከአንድ ወገን እያስገባ ቀሪውን ለጨለማ ይተወዋል። ለዳንሰኞቻችሁ ጠባብ የብርሃን መንገድ ስጧቸውና ይግቡበት፣ ይውጡበት፤ አካሉ ጨለማ ውስጥ ጠፍቶ እጁ ብቻ የሚቀርበት ቅጽበት ራሱ ካራቫጆ ነው። አናቤል ሎፔዝ ኦቾዋ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ሜክሲኳዊቷ ሰዓሊ ፍሪዳ ካህሎ ባቀናበረችው «ብሮክን ዊንግስ» ውስጥ የሰዓሊዋ የራስ ምስሎች ረጅም ቀሚስ የለበሱ ወንድ ዳንሰኞች ሆነው ይመጣሉ። አንዲት ሴት ራሷን ደጋግማ የሣለችበት ምክንያት እዚያ ውስጥ አለ፤ የትኛውም ሥዕል ግን እንዳለ አልተገለበጠም።

ለዋናው ዳንሰኛ ብሩሽ ማስያዝ

ከሁሉም በላይ የምከራከረው በዚህኛው ነው። በአየር ላይ ብሩሽ ማወዛወዝ ማንንም ሰዓሊ አያደርግም፤ ሰዓሊዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አካል ያላቸውም ያስመስላል። ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አጥኑ፦ ይህ ሰው ሲሠራ እንዴት ነበር የሚቆመው?

አሜሪካዊው ሰዓሊ ጃክሰን ፖሎክ ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቶ እየዞረ ቀለም ያንጠባጥብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ፎቶግራፍ አንሺው ሃንስ ናሙት ሲሠራ በፊልም ስለቀረጸው እርምጃውን ዛሬም ማየት ይቻላል። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ማቲስ ከ1941ዱ ቀዶ ሕክምና በኋላ አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ ይቆርጥ ነበር፤ ረዳቶቹ ቁርጥራጮቹን እሱ ባለው ቦታ ግድግዳ ላይ ይሰኩለታል። አንዱ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ በጣቱ ምልክት ሲንቀሳቀሱ፤ ኮሪዮግራፊው (የዳንሱ እንቅስቃሴ ቅንብር) ተሠርቶ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ካህሎ በ1925 የአውቶቡስ አደጋ ከደረሰባት በኋላ ከአልጋዋ በላይ በተሰቀለ መስታወት ራሷን እያየች ተኝታ ትሥል ነበር። ዳንሰኛዋ ጀርባዋን ሳታነሣ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ አምስት ደቂቃ ትቆይ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከዚያ መንቀጥቀጥ ተነሡ።

ሕመሙን የሥራው ሁሉ ምንጭ ማድረግ

የኔዘርላንዱ ሰዓሊ ቫን ጎግ ሲነሣ ሁሉም ወደ ጆሮው ይሮጣል። ጆሮውን የቆረጠው በታኅሣሥ 1888 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ በሚገኘው የሕሙማን መኖሪያ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ወደ 150 የሚጠጉ ሥዕሎችን ሠርቷል። ሕመሙ ሲበረታበት ብዙውን ጊዜ ሥራው ይቋረጥ ነበር፤ የሚሠራው ሲሻለው ነው። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ቀለምና ስለ ሥራ በሰፊው ያወራል። መሬት ላይ እየተንከባለለ የሚጮህ ዳንሰኛ ይህን ሰው አያሳይም። ጠዋት ተነሥቶ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ማሳ የሚሄደውን፣ ነፋስ ሸራውን ሲታገለው የሚጸናውን ሰው አሳዩን።

ሌሎች፣ ባጭሩ

እርጥብ ቀለም መድረክ ላይ ማፍሰስ ያምራል፤ ያንሸራትታልም፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። የግድ ከሆነ በመጨረሻው ትዕይንት ይሁን፤ ዳንሰኞቹም በዚያው ወለል ላይ አስቀድመው ይለማመዱ።

የሥዕል መብትም አለ። ሰዓሊው ፒካሶ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጥበቃው ሥራውን የሠራው ሰው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሚዘልቅ ሥዕሎቹን እስከ 2043 መጨረሻ ያለ ፈቃድ መድረክ ላይ ማሳየት ጣጣ ያመጣል።

ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሥዕሉን በፕሮጀክተር አግዝፋችሁ ከዳንሰኞቹ ጀርባ አትዘርጉት። ዓይን ወደ ትልቁና ወደ ደማቁ ይሄዳል፤ ፊት ለፊት የሚለፋው ሰው ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል።