ልዩነቱ 40 ሲያልፍ፦ በሃይስኩል ፉትቦል ወላጅና አሰልጣኝ የሚሠሯቸው ስህተቶች

አርብ ማታ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ብርዱ ጀምሯል። ስኮርቦርዱ 48 ለ0 ይላል፤ ዜሮዋ የእኛ ናት። ከአራቱ ኳርተር ገና ሦስተኛው አላለቀም። አጠገቤ የነበሩት ወላጆች ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ተነሡ። እኔም ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ። እንደኔ እግር ኳስ እያየ ላደገ ሰው፣ በየጥቂት ሰከንዱ የሚቆመው የአሜሪካ ፉትቦል ሲያሸንፉም ይረዝማል። ሲሸነፉማ አይነሣ።

ተነሥቶ መሄድ

ውጤቱ ከተለየ በኋላ ማን ሜዳ እንደሚገባ አስቡ። ከነሐሴ ጀምረው በዚያ ሙቀት የተለማመዱ፣ አርብ ሲመጣ ግን ቤንች ሲያሞቁ የሚያመሹ ልጆች ናቸው። የኔው ልጅ አንዱ ነው። ያን ማታ እኔ መኪናዬን ሳሞቅ እሱ ገብቶ ኖሯል። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ሁለት ጊዜ ጥሏል። በማግስቱ ጓደኛው በስልክ የቀረጸውን አየሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ያቺ ሰዓት ደግሞ አጭር ናት። በብዙ ስቴቶች ከእረፍት በኋላ ልዩነቱ 35 ነጥብ ከደረሰ ሰዓቱ ሳይቆም መሮጥ ይጀምራል፤ ራኒንግ ክሎክ ይሉታል። ለተሸናፊው ታስቦ የወጣ ደንብ ነው፣ ጥሩም ነው። ግን የ12 ደቂቃው ኳርተር ወዲያው ያልቃል። የተቀያሪዎቹ ሰዓትም አብሮ ያልቃል። እኛ ደግሞ በዚያችው ፓርኪንግ ውስጥ ነን።

ቋሚዎቹን ሜዳ ላይ ማቆየት

ካሊፎርኒያ፣ ጥቅምት 2021። ኢንግልዉድ ሃይስኩል ሞርኒንግሳይድን 106 ለ0 አሸነፈ። የመጀመሪያው ኳርተር ሲያልቅ 59 ለ0 ነበር። ጨዋታው እዚያው አብቅቷል ማለት ነው። ኳስ ወርዋሪው፣ ኳርተርባኩ፣ ግን አልወጣም፤ 13 የታችዳውን ኳስ ወረወረ። ታችዳውን ኳሷ መጨረሻው መስመር ስትደርስ የሚገኝ 6 ነጥብ ነው። ይሄም ይሁን። 104 ለ0 ላይ የሆነው ነው የባሰው። ከታችዳውን በኋላ ኳሷን በእግር መትቶ 1 ነጥብ መውሰድ ወይም ሮጦ አለዚያም ወርውሮ 2 መሞከር ይቻላል። እነሱ 2 ሞከሩ። በ104 ነጥብ እየመሩ! የአካባቢው የስፖርት አስተዳደር ድርጊቱን አወገዘ፣ ትምህርት ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ

አሁን ደግሞ ቴክሳስ፣ 2013። አሊዶ ሃይስኩል ዌስተርን ሂልስን 91 ለ0 አሸነፈ። ከተሸናፊዎቹ ወላጆች አንዱ በአሊዶ አሰልጣኝ ላይ መደበኛ የቡሊንግ፣ ማለትም ደካማን የማጥቃት፣ ክስ አስገባ። ተመረመረ፤ ጥፋት አልተገኘም። አሰልጣኙ ቋሚ ተሰላፊዎቹን ቀድሞ አስወጥቷል። ቡድኑ በጠቅላላው ኳስ ይዞ የተጫወተው 32 ጊዜ ብቻ ነው። ከእረፍት በኋላም ሰዓቱ ሳይቆም ሮጧል። የተሸነፈው አሰልጣኝ ራሱ ጨዋታው በአግባቡ እንደተመራ ተናግሯል።

በ106 እና በ91 መካከል 15 ነጥብ ነው ያለው። በአጨዋወቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ወላጆች፣ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ሜዳ ላይ ያሉት እነማን ናቸው? ኳሷን በረጅሙ ይወረውራሉ ወይስ መሐል ለመሐል እየሮጡ ሰዓት ያስጨርሳሉ? አሰልጣኙስ ተቀያሪዎቹን እንዴት ነው የሚያናግራቸው?

ጨዋነትን በነጥብ መገደብ

ኮነቲከት በ2006 ከ50 ነጥብ በላይ ያሸነፈን አሰልጣኝ አንድ ጨዋታ የሚያሳግድ ደንብ አውጥታ ነበር። ኒውዮርክ፣ ናሶ ካውንቲ ደግሞ ገደቡ 42 ነበር። በ2019 ፕሌንኤጅ ሃይስኩል 61 ለ13 ሲያሸንፍ አሰልጣኙ ታገደ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን ደስ አይለኝም። አሰልጣኙ መደመርና መቀነስ ውስጥ ይገባል፣ ተቀያሪው ልጅም ዕዳውን ይከፍላል።

"አታግባ" ማለት

ዓመቱን ሙሉ ኳስ ያልነካ ልጅ በመጨረሻ ኳስ ደረሰው። ፊቱ ማንም የለም። ከዳር "ቁም! ውጣ!" ይባላል። እኔ ተሸናፊ ሆኜ ይሄንን ከማይ ሌላ 6 ነጥብ ቢገባብን ይሻለኛል። ለተሸናፊው ማዘን ከተፈለገ መንገዱ ሌላ ነው፤ ተቀያሪ ማስገባት፣ መወርወር ማቆም፣ መጨረሻ ላይ ኳርተርባኩን አንበርክኮ ሰዓቱን ማስጨረስ። የገባው ልጅ ግን የቻለውን ያህል ይሩጥ። የእኛም ልጆች እንደ ሰው እንጂ እንደ በሽተኛ መታየት አይፈልጉም።

በንዴት መምታት

ይሄ የተሸናፊው ወገን ስህተት ነው። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ሰው መግፋት፣ ከኋላ መግባት። አካላቸው እኩል ባልሆኑ ልጆች መካከል ንዴት ሲጨመር አጥንት ይሰበራል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ አሰልጣኙ ወዲያው ማስወጣት አለበት።

ስኮርቦርዱን ብቻ መቁጠር

አንድ ጎበዝ ረዳት አሰልጣኝ አይቻለሁ። 40 ሲገባባቸው "በዚህ ኳርተር ሁለት ፈርስት ዳውን እፈልጋለሁ" ይላቸዋል። በአራት ሙከራ 10 ያርድ መሄድ ማለት ነው። ይቻላል። ሲሳካላቸው ቤንቹ በጠቅላላ ይዘላል። ማዶ ያሉት ምን እንደሚያስጨፍራቸው ግራ ይገባቸዋል።

መኪና ውስጥ መተንተን

እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ አንቻልም። ልጁ የደህንነት ቀበቶውን ሳያስር "እኔ ድሮም ሶከር ተጫወት ብዬህ ነበር" እንጀምራለን። ቀጥሎ ትምህርት ይነሣል። ቀጥሎ የአክስቱ ልጅ ሜዲካል ስኩል መግባት። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ልጄ ቤት እስክንደርስ በመስኮት ውጪ ውጪውን ሲያይ ነበር።

በሚቀጥለው አርብም በሰፊው ተሸነፍን። የዚያን ቀን እስከ መጨረሻ ቆየሁ። መኪና ሲገባ "ራበህ?" ብቻ አልኩት። "በጣም" አለ። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ ራሱ ጀመረ። በእጥፍ የሚበልጠውን ልጅ እግሩን ይዞ እንዴት እንደጣለው፣ ቤት ደርሰን ፍርፍሩ ቀርቦም ገና አልጨረሰውም።