የልጄ የመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያቱ እንዴት ታወቀ
የ14 ዓመቷን ልጄን ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን ለወራት ሲያማት፣ ባሕር ዳር ያሉ ጎረቤቶቻችን «የጣና ብርድ ነው»፣ አለዚያም «የእድገት ነው» ይሉን ነበር። የመገጣጠሚያ ብግነትን ለመለየት የሚረዳው፣ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምርመራ ነጻ ስለሆነም ማስታገሻ ብቻ እየተሰጠን እንመለስ ነበር።

መንገዱን የከፈተልን አንድ የሕፃናት ሐኪም ሕመሙ የሚብስበትን ሰዓት መጠየቃቸው ነው። የእድገት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ማታ መጥቶ ጠዋት ይለቃል፤ የእርሷ ግን ጠዋት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር እስኪያቅታት ድረስ አድርቆ ይይዛትና፣ አራት ሰዓት ገደማ እየተንቀሳቀሰች ስትሄድ ይላቀቃል። ስለዚህ የሚላቀቅበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር መዘገብን፤ እብጠቱ ምርመራ ክፍል እስክንደርስ ስለሚቀንስም፣ ያበጠውን ጉልበት ከደህናው ጋር አጣምረን ጠዋት በስልክ ፎቶ አነሣን።

ሐኪሙ በአገራችን የተለመደውን፣ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃውን የሩማቲክ ትኩሳት በልብ አልትራሳውንድ ጭምር፣ ጥሬ ወተት ስለምንጠጣ ደግሞ በእርሱ የሚተላለፈውን ብሩሴላ የተባለ ተሕዋስ በደም ምርመራ አጣሩ። ሁለቱም አለመሆናቸው ሲታወቅ፣ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ቢያንስ 6 ሳምንት የሚቆይና ሌላ ምክንያት የማይገኝለት የልጆች አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) መሆኑን ነገሩን። በዚህ በሽታ ሩማቶይድ ፋክተር በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ነጻ ነው፤ ይህን ቀድሞ የነገረን ሰው አለመኖሩ አሁንም ያስቆጨኛል።

የታዘዘላት ብግነቱን የሚቆጣጠር መድኃኒት፣ ሜቶትሬክሴት፣ በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር የሚወሰድ ሲሆን፣ ለውጡ የታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በሽታው ምንም ሳያሳምም ዓይንን ሊያቆስል ስለሚችል፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮዋንም አናሳልፍም።