ሞጁላር ሲንተሳይዘር ለጀማሪ፦ ገንዘብ ሳታወጡ በላፕቶፕ የመጀመሪያውን ድምፅ መገንባት

ሞጁላር ሲንተሳይዘርን፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን ባለ ብዙ ክፍል የሙዚቃ መሣሪያ፣ በፎቶ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው የኬብሉን ብዛት ነው። በእነዚያ ሁሉ ኬብሎች ውስጥ የሚያልፈው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቮልቴጅ። ድምፁም ቮልቴጅ ነው፣ ኖታውም ቮልቴጅ ነው፣ «አሁን ተጫወት» የሚለው ትእዛዝም ቮልቴጅ ነው። የትኛው ቮልቴጅ ምን እንደሚሠራ ከለያችሁ የቀረው ልምምድ ነው።

በተራ ኪቦርድ ውስጥ ድምፅ የሚያመነጨው፣ የሚያጣራውና መጠኑን የሚቆጣጠረው ክፍል ፋብሪካ ውስጥ ተገናኝቶ ያለቀ ነው። ሞጁላር ላይ ሞጁል የሚባለው እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይመጣል፤ የሚያገናኘው ተጫዋቹ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ቦብ ሙግ በኒውዮርክ ግዛት፣ ዶን ቡክላ ደግሞ በካሊፎርኒያ በየፊናቸው አዳበሩት። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ዩሮራክ የሚባለው መጠን ሲሆን መሠረቱን የጣለው በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤ-100 የተባለውን ሲስተም ያወጣው ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ነው።

ዕቃውን ለመግዛት አትቸኩሉ። ቪሲቪ ራክ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ለመሠረታዊ ሞጁሎቹ ኢንተርኔት አይፈልግም። በእሱ ላይ የምትማሩት ነገር በእውነተኛው ዕቃ ላይም እንዳለ ይሠራል። አንድ ድምፅ ከዜሮ ገንብቶ ማፍረስ ያልቻለ ሰው ሃያ ሞጁል ቢገዛም የሚያገኘው ጫጫታ ነው።

አራቱ የቮልቴጅ ሥራዎች

የመጀመሪያው ድምፅ ራሱ ነው። ቮልቴጁ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ጆሮ ይሰማዋል። ቪሲቪ ራክ ላይ ይህ ሲግናል አብዛኛውን ጊዜ በ+5 እና በ-5 ቮልት መካከል ይመላለሳል።

ሁለተኛው የኖታ ከፍታ ነው። ሕጉ «አንድ ቮልት ለአንድ ኦክታቭ» ይባላል፤ 1 ቮልት በጨመራችሁ ቁጥር ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ይሆናል። ቪሲቪ ራክ ላይ 0 ቮልት መካከለኛው ዶ ነው፣ 261.6 ኸርዝ። 1 ቮልት 523.3 ኸርዝ ይሰጣል፣ -1 ቮልት ደግሞ 130.8። አንድ ኦክታቭ 12 ግማሽ ድምፅ ስላለው አንዱ ግማሽ ድምፅ 0.083 ቮልት ያህል ነው። ይህችን ቁጥር ያዙ፤ ኋላ ትዝታን የምንሠራው በእሷ ነው።

ሦስተኛው ጌት ነው። ቁልፉ ሲጫን ከፍ ይላል፣ ሲለቀቅ ወደ 0 ይመለሳል። ቪሲቪ ራክ 10 ቮልት ይልካል፤ ዕቃው ላይ ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው። አራተኛው ሌላውን ማዞሪያ በእጅ ፋንታ የሚያንቀሳቅስ ዝግተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ሞጁሌሽን ይባላል።

አራቱም የሚሰኩት በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ኬብል ከማንሳታችሁ በፊት «ይህ የሚወስደው ድምፅ ነው፣ ኖታ ነው፣ ጌት ነው ወይስ ሞጁሌሽን?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ፓች (የሞጁሎች ግንኙነት)

ፕሮግራሙ ሲከፈት የተገናኙ ሞጁሎች ይዞ ይመጣል። ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ሁሉንም ምረጡና አጥፉ። ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ የሞጁሎች ዝርዝር ይወጣል። መጀመሪያ «ኦዲዮ 2» የሚለውን አውጡ፤ በመሃሉ ያለውን ስም ተጭናችሁ የኮምፒውተሩን ስፒከር ወይም ኢርፎን ምረጡ። ይህ ካልተመረጠ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ምንም አይሰማም። የድምፅ ማዞሪያውን በጣም ዝቅ አድርጉት፤ ኢርፎን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከጆሯችሁ አውልቁት።

ቀጥሎ ቪሲኦ አውጡ፤ ድምፅ የሚያመነጨው ኦሲሌተር ይህ ነው። ከ«ሳይን» መውጫ ወደ ኦዲዮው ግራና ቀኝ ሳቡ። ከአንድ መውጫ ሁለተኛ ኬብል ለማውጣት ኮንትሮል ይዛችሁ ነው የምትስቡት። የማይቆም ወጥ ድምፅ ይሰማል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኦሲሌተር ኮምፒውተሩ እስኪዘጋ ይጮኻል፣ የማስቆሙ ሥራ የሌላ ሞጁል ነው።

አሁን አራቱን ሞገዶች እየቀያየራችሁ በደንብ አዳምጡ። ሳይን ባዶና ለስላሳ ነው፣ ሌላ ንዑስ ድምፅ (ከዋናው ኖታ በላይ አብሮ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ) የለበትም። ሳው ሁሉንም ንዑስ ድምፆች የያዘ፣ ስለታም ነው። ስኩዌር ጎዶሎዎቹን ብቻ ስለያዘ እንደ ክላሪኔት ክፍት ይላል፤ ትሪያንግል የእሱ የደከመ ወንድም ነው። ይህን የምንለው ለጌጥ አይደለም፦ ፊልተር የሚሠራው ያለውን በመቀነስ ነው። ሳይንን በፊልተር አሳልፎ «አይሠራም» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው፤ የሚቀነስ ነገር ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ሳውን ቪሲኤፍ ወደተባለው ፊልተር መግቢያ፣ ከቪሲኤፍ «ኤልፒኤፍ» መውጫ (ዝቅተኛውን አሳልፎ ከፍተኛውን ከሚቆርጠው) ወደ ኦዲዮ ስኩ። ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበትን ነጥብ የሚወስነውን የከትኦፍ ማዞሪያ ቀስ እያላችሁ ከቀኝ ወደ ግራ አዙሩ፤ ስለቱ እየወረደ ድምፁ እየጨለመ ይሄዳል። ሬዞናንስ የሚለው በከትኦፉ ነጥብ ላይ ያለውን ድምፅ ያጎላዋል። ጥቂት ሲጨመር ያምራል፣ ሲበዛ ጆሮ ይወጋል፤ ከግማሽ በላይ ስትሄዱ ድምፁን ቀንሱ።

ድምፁን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቪሲኤ ነው። ቪሲኤ የውሃ ቧንቧ ነው፣ ኢንቨሎፑ ደግሞ ቧንቧውን የሚከፍተው እጅ። የፊልተሩን መውጫ ወደ ቪሲኤ፣ የቪሲኤን ወደ ኦዲዮ አዛውሩ። ኤዲኤስአር የተባለውን የኢንቨሎፕ ሞጁል አውጡና መውጫውን ከቪሲኤው «ሲቪ» ጋር አገናኙ። ድምፁ ጭጭ ይላል፤ ጌት ስላልመጣለት ነው፣ ትክክለኛ ነው። «ሚዲ ቱ ሲቪ» የሚለውን ሞጁል አውጡና ከምርጫው የኮምፒውተር ኪቦርድን ስጡት። ኖታውን ወደ ቪሲኦው «ቮልት በኦክታቭ» መግቢያ፣ ጌቱን ወደ ኤዲኤስአር። አሁን በፊደል ቁልፎቹ ተጫወቱ።

ኢንቨሎፑ ላይ ጊዜ ስጡ፤ የመሣሪያው ጠባይ የሚወለደው እዚህ ነው። አታክ ድምፁ የሚወጣበት ጊዜ፣ ዲኬይ ከጫፉ የሚወርድበት ጊዜ፣ ሰስቴይን ቁልፉ ተጭኖ ሳለ የሚቆይበት መጠን፣ ሪሊዝ ከተለቀቀ በኋላ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ማንኛውንም ማዞሪያ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ቁጥር መጻፍ ትችላላችሁ። እንደ ክራር ተመትቶ የሚጠፋ ድምፅ ከፈለጋችሁ አታክ 1 ሚሊ ሰከንድ፣ ዲኬይ 300፣ ሰስቴይን 0፣ ሪሊዝ 300 ጻፉ። እንደ ማሲንቆ እየተሳበ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አታክ 120፣ ሰስቴይን 80 በመቶ፣ ሪሊዝ 200 አድርጉት።

ክራሩ አሁንም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል? የተመታ ክር ስለቱ የሚጠፋው ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት ነው። ሁለተኛ ኤዲኤስአር አውጡ፣ ያንኑ ጌት ስጡት፣ ዲኬዩን 150 ሚሊ ሰከንድ፣ ሰስቴይኑን 0 አድርጉና ወደ ቪሲኤፍ የከትኦፍ መግቢያ ስኩት። ምንም አይለወጥም፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ነው። ከመግቢያው ጋር ያለችው ትንሽ ማዞሪያ የሚገባውን ቮልቴጅ መጠን የምትወስን ናት፣ ስትነሳ ደግሞ ዜሮ ላይ ነች። ወደ ቀኝ 40 በመቶ ያህል አዙሯት፣ ዋናውን ከትኦፍም ዝቅ አድርጉ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ትንሿን ወደ ግራ ብታዞሯት ቮልቴጁ ይገለበጥና ድምፁ ተመትቶ ከመጨለም ይልቅ እየፈካ ይሄዳል።

ትዝታ በቮልት

ሴክ 3 የተባለውን ሲኩዌንሰር (ኖታዎችን በተራ በራሱ የሚያጫውት ሞጁል) አውጡ፤ ስምንት ደረጃ፣ ሦስት ረድፍ አለው። «ሲቪ 1» የሚለውን ከኪቦርዱ ፋንታ ወደ ቪሲኦ፣ «ትሪግ» የሚለውን ወደ ሁለቱ ኤዲኤስአሮች ስኩ። የማዞሪያዎቹ ክልል ብዙ ቮልት ስለሆነ በእጅ ትንሽ ነካ ስታደርጓቸው ኖታው ኦክታቭ ይዘላል። ስለዚህ ቁጥሩን ጻፉ።

ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በቮልት 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583፣ 0.75። ወጥቶ እንዲወርድ የመጀመሪያውን ረድፍ 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583፣ 0.75፣ 0.583፣ 0.333፣ 0.167 ብላችሁ ሙሉት። አንቺሆዬ ከሆነ መሠረቱ 0፣ 0.083፣ 0.417፣ 0.5፣ 0.75 ነው። አምባሰል 0፣ 0.083፣ 0.417፣ 0.583፣ 0.667። ባቲ ሜጀር 0፣ 0.333፣ 0.417፣ 0.583፣ 0.917።

እነዚህ ቁጥሮች የፒያኖ መቃኛን የተከተሉ ናቸው። ማሲንቆና ክራር በጆሮ የሚቃኙ ስለሆኑ በዚያ ፍርግርግ አይታሰሩም። ቮልቴጅም አይታሰርም፤ 0.333ን 0.32 ማድረግ የሚከለክላችሁ የለም። ሞጁላር ለእኛ ሙዚቃ ካለው ጥቅም ትልቁ ይህ ይመስለናል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ጆሯችሁ አምጡት እንጂ ጆሯችሁን ወደ ቁጥሩ አትጎትቱ። ወደ ፍርግርጉ መመለስ ስትፈልጉ ኳንታይዘር የተባለው ሞጁል ቮልቴጁን ወደመረጣችኋቸው ኖታዎች ይጠጋጋላችኋል።

የ6/8 ምት ለመሥራት ደረጃዎቹን ወደ 6 ዝቅ አድርጉ፣ ቴምፖውን 300 አካባቢ፣ 2ኛና 5ኛ ደረጃ ላይ ያለውን የጌት ቁልፍ አጥፉ፤ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር የሚል ምት ይመጣል። እዚህ አንድ የተደበቀ ችግር አለ። ጌቱ ቢጠፋም ሲኩዌንሰሩ የዚያን ደረጃ ኖታ መላኩን አያቆምም፤ የቀደመው ድምፅ ገና እየጠፋ ሳለ ኖታው ድንገት ይዘላል። መፍትሔው ለጠፋው ደረጃ ከእሱ ቀድሞ ካለው ደረጃ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት ነው።

ድምፅ ሲጠፋ

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሂዱ። ስኮፕ የተባለውን፣ ቮልቴጅን በሥዕል የሚያሳየውን ሞጁል አውጡና መግቢያውን መጀመሪያ ከቪሲኤ መውጫ፣ ቀጥሎ ከፊልተሩ፣ ቀጥሎ ከኦሲሌተሩ ጋር እያገናኛችሁ እዩ። ሞገዱ የሚታይበትን የመጨረሻ ቦታ ስታገኙ ጥፋቱ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ከፊልተሩ በኋላ ከጠፋ ከትኦፉ እስከ ታች ተዘግቷል። ከቪሲኤው በኋላ ከጠፋ ኢንቨሎፑን ስኮፑ ላይ እዩት፤ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ጌት አልደረሰውም። ኖታው ሁሉ ከቅኝት የወጣ ከሆነ ደግሞ ኬብሉ «ቮልት በኦክታቭ» በሚለው ፋንታ «ኤፍኤም» ላይ ተሰክቶ ይሆናል።

ድምፁ ከተቆራረጠ ኦዲዮ ሞጁሉ ላይ ብሎክ ሳይዙን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጀውን የድምፅ ናሙና ብዛት) ከ256 ወደ 512 አሳድጉ። በሰከንድ 48,000 ናሙና (ሳምፕል) ላይ መዘግየቱ ከ5.3 ወደ 10.7 ሚሊ ሰከንድ ያድጋል፤ ለጀማሪ አያስቸግርም። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ከ«ቪው» ሜኑ ፍሬም ሬቱን መቀነስም ይረዳል። ኤፍ 3 ስትጫኑ የትኛው ሞጁል ፕሮሰሰሩን እንደሚበላ ያሳያችኋል።

ወደ ዕቃው ስትሻገሩ

የዩሮራክ ሞጁል ቁመቱ 128.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ኤችፒ በሚባል መለኪያ ይለካል፣ አንዱ 5.08 ሚሊ ሜትር። የተለመደው 84 ኤችፒ ሳጥን 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስፋቱ በቃኝ ብላችሁ ጥልቀቱን ሳትለኩ አትግዙ፤ ለጥልቅ ሞጁል የማይበቃ ቀጭን ሳጥን ብዙ ነው።

ሳጥኑ +12 እና -12 ቮልት ይሰጣል፣ አንዳንዱ +5 ይጨምራል። እያንዳንዱ ሞጁል ከየመስመሩ ስንት ሚሊ አምፔር እንደሚወስድ አምራቹ ይጽፋል፤ ለየብቻ ደምሩት። ለምሳሌ አራት ሞጁሎች ከ+12 ላይ 80፣ 45፣ 30 እና 60 ቢወስዱ ድምሩ 215 ነው። ሲበራ የሚፈልገው ለአፍታ ስለሚበልጥ 30 በመቶ ጨምሩና 280 ያህል ያዙ። በ-12ም እንዲሁ። ፓወር ሰፕላዩ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ «100-240» የሚል መኖሩን አረጋግጡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ አዲስ አበባ 220 ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል።

ዕቃ የሚያቃጥለው የፊት ኬብል ሳይሆን የኋላው ጠፍጣፋ ኬብል ነው። ቀይ መስመሩ -12 ቮልትን ያመለክታል፤ ሳጥኑም ሞጁሉም ላይ ምልክት ካለበት ጎን መግጠም አለበት። ተገልብጦ ከተሰካ መከላከያ የሌለው ሞጁል በአንድ ጊዜ ይሞታል። ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ ብቻ ስኩ፣ ከማብራታችሁ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ደግማችሁ እዩ። ከፊት በኩል ያለው ሕግ ቀላል ነው፦ ከመውጫ ወደ መግቢያ። ሁለት መውጫዎችን እርስ በርስ አታገናኙ፤ መደባለቅ ከፈለጋችሁ ሚክሰር አለ።

የመጀመሪያው ግዢ ሴሚ ሞጁላር ቢሆን እንመርጣለን። ለምሳሌ ሙግ ማዘር-32 ውስጡ ተገናኝቶ ስለሚመጣ ያለ አንድ ኬብል ይጫወታል፤ ኬብል ስትሰኩበት ደግሞ የፋብሪካው ግንኙነት በዚያ ቦታ ይቋረጥና የእናንተው ይተካል። ስፋቱ 60 ኤችፒ ስለሆነ በኋላ 84ቱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ 24 ይተርፋል። አሮጌውን ኮርግ ኤምኤስ-20 ርካሽ አገኘን ብላችሁ ከዩሮራክ ጋር ለማጣመር ከፈለጋችሁ ግን ቆም በሉ፤ ኖታውን የሚቆጥረው በሌላ ሕግ፣ ኸርዝ በቮልት ስለሆነ ያለ መቀየሪያ አይስማማም።

ኬብሎቹ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ሞኖ ናቸው፤ ለአንድ ድምፅ ስምንት ያህል ይበቃሉ፣ ግማሹን 30 ግማሹን 60 ሴንቲ ሜትር ውሰዱ። የኢርፎን ጃክ ቀዳዳው ላይ ስለሚገባ አትሳሳቱ፤ የዩሮራክ ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት ያህል ስለሚደርስ ከሙዚቃ ማጫወቻ በጣም ይበልጣል፣ ያውም በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። የኢርፎን መውጫ ያለው ሞጁል ተጠቀሙ፤ ወደ ሚክሰር ስትወስዱት ደግሞ የሚክሰሩን ጌይን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ክፈቱ።