ልጃችሁ ጆሮውን ሲያመው፦ የሳንባ ምች ክትባት የት ድረስ ይረዳል?

«ክትባቱን እኮ ጨርሷል፣ ታዲያ ጆሮው ለምን መገለ?» ብዙ ወላጅ ይህን ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ክትባቱ አልሠራም ብላችሁ አትደምድሙ። ክትባቱ የሚያነጣጥረው በአንድ ባክቴሪያ ላይ ነው፣ ያውም በተወሰኑ ዓይነቶቹ ላይ። ይህን ካወቃችሁ መቼ ማስከተብ፣ ለሐኪም ምን መንገር፣ መቼ መታገስ፣ መቼ መሮጥ እንዳለባችሁ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። የልጆችን የመሃል ጆሮ የሚያመግሉት በዋናነት ሦስት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኒሞኮከስ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ እና ሞራክሴላ። ሦስቱም ጤነኛ ልጅ አፍንጫ ጀርባ ላይ ምንም ሳያደርጉ ይኖራሉ። ችግሩ የሚጀምረው ጉንፋን ሲመጣ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መሃል ጆሮ የሚሄደው ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም ነው፣ ስለዚህ ጉንፋኑ ሲያሳብጠው ቶሎ ይዘጋል፣ ውስጡ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያውም እዚያው ይራባል።

ጤና ጣቢያ «የሳንባ ምች ክትባት» የሚባለው ፒሲቪ የሚከላከለው ኒሞኮከስን ነው። ወደ ኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት የገባው በ2004 ዓ.ም. ነው። ኒሞኮከስ ግን ከ90 በላይ ዓይነት አለው። ክትባቶቹ እንደ ስሪታቸው 7፣ 10፣ 13፣ አሁን ደግሞ 15 እና 20 ዓይነቶችን ይይዛሉ። የቀሩት ዓይነቶች አይነኩም። እዚህ ላይ ከፊንላንድ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ብዙ ነገር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሲሆን የተፈተነው 7 ዓይነት የያዘው የመጀመሪያው ክትባት ነው። ክትባቱ ውስጥ ባሉት ዓይነቶች የሚመጣው የጆሮ ሕመም በ57 በመቶ ቀነሰ። በሌሎች የኒሞኮከስ ዓይነቶች የሚመጣው ግን በ33 በመቶ ጨመረ። የጆሮ ሕመም ሁሉ ተደምሮ ሲታይ የቀነሰው በ6 በመቶ ብቻ ነበር። አንዱ ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም ማለት ነው። አሜሪካም ይኸው ታየ፤ ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተጀመረ በኋላ 19ኤ የሚባለው ዓይነት በረታ፣ እሱንም የያዘው ባለ 13 ክትባት በ2010 ሲመጣ ቀነሰ። የሄሞፊለስ ድርሻም ከፍ አለ።

«ሄሞፊለስማ ሌላኛው ክትባት ውስጥ አለ» የሚል አይጠፋም። አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ውስጥ ያለው «ቢ» የሚባለው ዓይነት መከላከያ ነው፤ እሱ በተለይ ማጅራት ገትርን ይከላከላል። ክትባቱ «ቢ»ን የሚለየው በውጭ ሽፋኑ ነው፤ ጆሮን የሚያመግለው ሄሞፊለስ ግን በብዛት ያ ሽፋን የሌለው ስለሆነ ክትባቱ አያገኘውም።

ታዲያ 6 በመቶ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ትልቅ ዋጋ አለው፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። አንደኛ፣ ይኸው ኒሞኮከስ ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣ ገዳይ ነው፣ ክትባቱም በዋናነት የተሠራው ለዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ሕፃን በጨቅላነቱ የሚይዘው የመጀመሪያ የጆሮ ሕመም ለሚቀጥለው መንገድ ይከፍታል፤ ጆሮው ይጎዳና ሌሎቹም ባክቴሪያዎች እየተመላለሱ ያጠቁታል። በእስራኤል ቤርሼባ ከተማ በሚገኘው ሶሮካ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች ባለ 7 እና ባለ 13 ክትባቶች ከገቡ በኋላ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ክትባቱ የያዛቸው ዓይነቶች ከጆሮ መግል ውስጥ ሊጠፉ ተቃረቡ፣ ክትባቱ በማይነካው በሄሞፊለስ የሚመጣው ውስብስብ የጆሮ ሕመምም አብሮ ቀነሰ።

ስለዚህ ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፒሲቪ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። አታዘግዩት። ቀላል ጉንፋን ወይም ትንሽ ሳል ክትባት አያስቀርም፤ «ይሻለውና እወስደዋለሁ» እየተባለ ስንት ሳምንት ያልፋል። ካመለጣችሁም እንደ አዲስ አይጀመርም፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ካርዱን ጠብቁ። በተለይ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ። የአገራችን ካርድ ብዙ ጊዜ የሚሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መስከረም 2016 የተወለደ ልጅ ካርድ አሜሪካዊት ነርስ ፊት ሲቀርብ፣ ልጁ ከመወለዱ 7 ዓመት በፊት የተከተበ ይመስላል። ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አስጽፉና ማኅተም አስመቱበት። አሜሪካ ከ12 እስከ 15 ወር ባለው ጊዜ የሚሰጥ ተጨማሪ ዶዝ አለ፣ እሱንም ጠይቁ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት (ይህ የቫይረሱ ነው፣ ከሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ጋር አትቀላቅሉት) በየዓመቱ የሚሰጥበት አገር ካላችሁ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ለልጁ አስወጉት። ጉንፋን መሰል ሕመም ሲቀንስ የጆሮ ሕመምም ይቀንሳል።

ልጁ ጆሮውን ካመመው

መጀመሪያ ሕመሙን አስታግሱ። ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ ባለሙያ በነገራችሁ መጠን። ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ ጆሮው ውስጥ አትጨምሩ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከ6 ወር በታች ከሆነ ሳትጠብቁ ውሰዱት። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ከደከመና መጥባት እምቢ ካለ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ከ2 ዓመት በላይ ሆኖ ሕመሙ ቀላል ከሆነና ትኩሳቱ ካልበረታ ግን ሐኪሙ 2 ወይም 3 ቀን እንጠብቅ ሊል ይችላል። ቸል ማለቱ አይደለም፤ ብዙዎቹ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናሉ። ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠት፣ ወይም ከወንድሙ የተረፈውን መጠቀም፣ አፍንጫ ጀርባ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ሳትጠየቁ እነዚህን ተናገሩ፦ ፒሲቪ ስንት ጊዜ ወሰደ፣ ባለፈው 1 ወር አንቲባዮቲክ ወስዷል ወይ፣ ዓይኑስ አብሮ ቀልቶ ዓይናር ያወጣል ወይ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጆሮና ዓይን አብረው ሲታመሙ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ሄሞፊለስ ነው። ከሄሞፊለስ አንዳንዶቹ፣ ከሞራክሴላ ደግሞ አብዛኞቹ አሞክሳሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ስላላቸው ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል። የታዘዘውን ጨርሱ።

ጆሮው ፈሳሽ ካወጣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አጠንጥናችሁ ጫፉን አስገቡ፣ ሲረጥብ ቀይሩ፣ እስኪደርቅ ድረስ። በቀን 3 ጊዜ። ክብሪት፣ የጸጉር ጌጥ፣ የጥጥ እንጨት አይገባም። ፈሳሹ 14 ቀን ከሞላው ሥር የሰደደ ስለሆነ እንደገና መታየት አለበት።

ጡት ማጥባት ይከላከላል። የማገዶና የሲጋራ ጭስ ያባብሳል። ጡጦ ለተኛ ልጅ አትስጡ፣ ጭንቅላቱን ከፍ አድርጋችሁ እቀፉት።

ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ፈሳሽ መሃል ጆሮ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ልጁም በዚያ ጊዜ ደብዘዝ አድርጎ ይሰማል። ከኋላው ስትጠሩት የማይዞር ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚያስጨምር ከሆነ፣ ወይም አነጋገሩ ከእኩዮቹ ከዘገየ፣ 3 ወር ሳይሞላ የመስማት ምርመራ ጠይቁለት።