ጠዋት ተነስታችሁ ዓሣችሁ ሞቶ ካገኛችሁት

መጀመሪያ የሞተውን በመረብ አውጡት። ገንዳው ውስጥ ከቆየ ይበሰብስና አሞኒያ የሚባል ዓሣ የሚመርዝ ነገር ይለቃል፤ መዘዙ ለቀሩት ነው። ከዚያ የቀሩትን ልብ ብላችሁ እዩ። ሁሉም ውሃው አፍ ላይ ወጥተው የሚያለከልኩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከአየር ወይም ከውሃው ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሞ ነበር? ትናንት ውሃ ቀይራችሁ ነበር?

እኔ ጀማሪ እያለሁ ደንግጬ ውሃውን በሙሉ ደፋሁት፤ ማጣሪያውንም በቧንቧ ውሃ ፈትጌ አጠብኩት። በማግስቱ ሌሎች ሁለት ሞቱብኝ። ለካ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ቤታቸው የማጣሪያው ስፖንጅ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ይፈጃቸዋል። ስለዚህ ሩቡን፣ ቢበዛ ሲሶውን ውሃ ብቻ ቀይሩ፤ የአዲሱ ሙቀት ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ከተቀመጠ ክሎሪኑ ይተናል። ዋሺንግተን ዲሲ ያላችሁ ግን በዚህ አትተማመኑ፤ እዚያ አብዛኛውን ዓመት የሚጨመረው ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋህዶ) ነው፣ ቢያድርም አይለቅም። ከዓሣ መሸጫ የሚገኘውን የክሎራሚን ማርከሻ ጠብታ ግዙ።

ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን ይቅርባቸው፣ ምንም አይሆኑም። በሞተው ምትክ ሌላ ለመግዛትም አትሩጡ፤ የአሞኒያ መመርመሪያው ዜሮ እስኪያሳይ ጠብቁ።